ሃዲድ ከካርቶን አይሠራም፦ ለትንሿ የድሬ ባቡር የድጋፍ ጥሪ

ባለፈው ቅዳሜ አንዱ ጓደኛችን የሳምንቱ ሥራዬ ብሎ ይዞት የመጣው በአውራ ጣት ጥፍር ላይ የሚቀመጥ አግዳሚ ወንበር ነበር። ሳምንቱን ሙሉ እሱን ብቻ ነው የሠራው። ከክብሪት እንጨት ቀረጸው፣ በምላጭ አስተካከለው፣ አረንጓዴ ቀባው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ዝም አለ። ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየን። ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር ያሳለፉት ሽማግሌያችን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ደግመው አዩና «አረንጓዴ አልነበረም» አሉ።

ወንበሩ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ለዚህ ቅዳሜ ሌላ ቀለም ተቀብቶ ይመጣል።

እንዲህ ነን እንግዲህ። ዘጠኝ ሰዎች ነን። ድሬዳዋ ከዚራ፣ በአንዱ አባላችን ሳሎን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እንገናኛለን። የምንሠራው የድሮውን የጅቡቲና የአዲስ አበባ ባቡር ነው፤ 87 ጊዜ አሳንሰን። የሚያየን ሁሉ «መጫወቻ ነው?» ይለናል። አዎ፣ መጫወቻ ነው። በዚያ ሰዓት ድሬ በርጫዋን ይዛለች፤ እኛ ወረንጦ ይዘናል። (ሁለቱንም አንድ ላይ የሚያስኬድ አለ። አቦ፣ ድሬ ናት።) ሕጋችን አንድ ብቻ ነው፤ ባዶ እጅ አይመጣም። የሠራ የሠራውን ያሳያል። የተበላሸበት የተበላሸውን ያሳያል። ምንም የሌለው ቡና ያፈላል።

ድሬን የወለዳት ባቡር ነው፤ ይሄን ለድሬ ልጅ አልነግርም፤ ለሌላው ግን በአጭሩ ልበል። አፄ ምኒልክ ፈቃዱን ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ። ባቡሩ ሐረር ይገባል ተብሎ ነበር፤ ተራራው ከበደና ከታች ሜዳው ላይ ቀረ። በ1895 ሃዲዱ እዚህ ሲደርስ ከተማ ተቆረቆረ፤ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» አሉት። ከዚያ መንገዱን የሚሠራው የፈረንሳይ ኩባንያ ከሰረ። ሌላ ኩባንያ ተተካና ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ድሬ ለብዙ ዓመታት የመንገዱ ጫፍ ነበረች ማለት ነው። ባቡር የሚጠገነው እዚህ፣ ሙያ የሚለመደው እዚህ፣ ፈረንሳይኛ ከአማርኛና ከኦሮምኛ ጋር የሚደባለቀው እዚህ።

መንገዱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በ87 ስናካፍለው 9 ኪሎ ሜትር ወጣ። ሙሉውን እንሥራ ብንል ሃዲዳችን ከለገሃር ተነስቶ ቃሊቲ አካባቢ ሊደርስ ነው! ስለዚህ ሁለት ቦታ ብቻ መረጥን፤ የድሬን ጣቢያና የአዋሽን ድልድይ። ሰባት ጠረጴዛ አለን፤ እያንዳንዱ 1.20 ሜትር ይረዝማል። ሲገጣጠሙ 8.40 ሜትር ይሆናሉ። እኔ በዚህ ልክ ብሠራ 2 ሴንቲ ሜትር አልሞላም።

አሁን ወደ ችግራችን። የጣቢያውን ሕንፃ ከካርቶን ሠርተነዋል፤ በሩ ይከፈታል። ዛፎቹ ከተፈታ የኤሌክትሪክ ሽቦና ከደረቀ ሣር ናቸው። ከሃዲዱ ሥር የሚነጠፈው ጠጠር ከደቻቱ ወንዝ የመጣ አሸዋ ነው፤ ወንዙ ደርቆ ሲቆይ ሄደን አፈስነው፣ በሁለት ዓይነት ወንፊት ነፋነው። ከዚያ ማግኔት አሳለፍንበት። አሸዋ ውስጥ የብረት ብናኝ አለ፤ ሳናወጣው ብንነሰንሰው ሞተሩ እየሳበ ይውጠውና ይሞታል። አሸዋውን የምናጣብቀው በውሃ በቀጠነ የእንጨት ኮላ ነው፤ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ እናደርግበታለን። ሳሙናው ከሌለ ኮላው አሸዋው ላይ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ አልሰርግ ይላል። ይህን ለማወቅ ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶብናል። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ሳሙና ጨምሩ ያለችን የአባላችን ባለቤት ናት፤ እሷም የተናገረችው ሳሎኗ አሸዋ በአሸዋ ሆኖ ስለመረራት ነው።

ይህ ሁሉ በእጅ ይሠራል። ሃዲድና ጎማ ግን ከካርቶን አይሠራም።

ሞክረናል። አንዱ ልጃችን ከአሮጌ ሲዲ ማጫወቻ ሞተር አወጣ፣ ጎማ ገጠመለት፣ የናፍጣ ባቡር ቅርጽ አለበሰው። ቅዳሜ ይዞት መጣ። ስልካችንን አውጥተን ቀረጻ ጀመርን። ባቡሩ 11 ሰከንድ ሄደ። ከዚያ ጭስ ወጣ። ቪዲዮው አሁንም አለ፤ ከጭሱ በላይ የሚሰማው የጎረቤት ልጆች ሳቅ ነው።

ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ እባካችሁ ይቺን በደንብ አንብቡልኝ፤ ደግ ሰው ገንዘቡን እንዳያባክን ነው። ውጭ አገር ያለ ወዳጅ አንድ ሙሉ የባቡር ሳጥን ልኮልን ነበር። ከነባቡሩ፣ ከነሃዲዱ። እልል አልን። ስንለካው በሃዲዶቹ መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ሆነ። የድሮው ባቡራችን ግን ጠባብ ነው፤ በሁለቱ ሃዲድ መካከል ልክ አንድ ሜትር። አንድ ሜትር በ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ለዚህ የሚሸጠው 12 ሚሊ ሜትር ሃዲድ ነው። 16.5 የሚሆነው ለማን መሰላችሁ? በ2009 ለተመረቀው ለአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር። የሱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ሳጥኑን በክብር አስቀምጠነዋል። አንድ ቀን አዲሱንም እንሠራው ይሆናል። አሁን ግን የምንፈልገው 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ አስራ ሁለት።

በስዊዘርላንድና በጀርመን ለምትኖሩ ይህ ቀላል ነው። የስዊስ ተራራ ባቡሮች ብዙዎቹ እንደኛው አንድ ሜትር ናቸው፤ በዚያ ልክ ሞዴል የሚሠራ ሰው እዚያ ሞልቷል። ያገለገለ ዕቃም ይሸጣል። ሃዲድ ቀላል ነው፤ ሻንጣ ጥግ ይገባል። ለታህሳስ ቁልቢ ገብርኤል የምትመጡ በድሬ ማለፋችሁ አይቀርም። ስለታችሁን አድርሳችሁ ስትመለሱ ቡናው እኛ ዘንድ ነው።

ስለ አዋሽ ድልድይ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ጥር 1977 ላይ በድሬዳዋና በአዲስ አበባ መካከል ይመላለስ የነበረው ፈጣን ባቡር አዋሽ አጠገብ፣ ድልድዩ ኩርባ ላይ፣ ፍጥነት ሳይቀንስ ገብቶ ገደል ወደቀ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ድልድዩን እንሥራ ስንል ተጨቃጨቅን። ከመካከላችን ዘመድ ያለቀበት አለ። «ሌላ ድልድይ እንሥራ፣ ኩርባውን እናቅናው» ያለም ነበር። ሁለት ቅዳሜ ሥራ ሳንሠራ ተለያየን። መጨረሻ ላይ ያ ዘመድ ያለቀበት ሰው ራሱ «ኩርባው እንዳለ ይሠራ፤ ግን ባቡሩ እዚያ ሲደርስ ቀስ ይበል» አለ። ተስማማን።

ቀስ ማለት ግን ገንዘብ ይጠይቃል። በተራ ትራንስፎርመር የሚነዳ ትንሽ ባቡር ብዙ ጊዜ ወይ ይቆማል ወይ ይፈተለካል፤ ቀስ ማለት ይከብደዋል። ዲጂታል መቆጣጠሪያ ሲኖር ነው እንደ እውነተኛ ባቡር እየተንፏቀቀ የሚነሳው፣ ኩርባ ላይ የሚዘገየው። በሃዲዱ በኩል ለእያንዳንዱ ባቡር የራሱን ትእዛዝ ይልክለታል፤ ሁለት ባቡር አንድ መስመር ላይ ሆነው አንዱ ሲቆም ሌላው መሄድ ይችላል።

ሂሳቡ እንግዲህ ይኸውላችሁ። ለሃዲድና ለስምንት መስመር መቀየሪያ 110,000 ብር። ሞተርና ጎማ ላላቸው ሁለት የባቡር ታችኛ ክፍሎች 70,000 ብር፤ የላዩን ቅርጽ እኛው እንሠራዋለን። ለመቆጣጠሪያው 35,000። ለማጓጓዣና ለቀረጥ 25,000 ይዘናል፤ ይቺ ልትጨምር እንደምትችል አልደብቅም። ድምሩ 240,000 ብር ነው። እኛ ዘጠኛችን በየወሩ እያዋጣን 62,000 ደርሰናል። የጎደለን 178,000 ብር ነው።

ገንዘቡ በሦስት ሰው ፊርማ በሚወጣ የጋራ ሂሳብ ውስጥ ነው። የገባውና የወጣው በየሳምንቱ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ከሳምንቱ ሥራ ፎቶ ጋር ለሰጪዎች ሁሉ ይላካል። መስጠት የፈለገ መልእክት ይጻፍልን፤ የሂሳብ ቁጥሩን በግል እንልካለን። በአደባባይ ያልጻፍነው በስማችን ሌላ ሰው እንዳይሰበስብ ብለን ነው። ሃምሳ ብርም ብር ነው። በኛ በኩል ሰጪ አይመረጥም፣ አይበላለጥም።

ገንዘብ የሌለው ፎቶ ይስጠን። ይሄን የምለው ለማባበል አይደለም፤ ከገንዘቡ እኩል ያስፈልገናል። የድሮ ትኬት፣ የሥራ መታወቂያ፣ ጣቢያው ፊት ለፊት የተነሱት የሠርግ ፎቶ፣ ከኋላ ፉርጎ የሚታይበት ማንኛውም ነገር። አይተን፣ አንስተን፣ በዚያው ቀን እንመልሳለን። ምክንያቱም ሽማግሌዎቻችን ናቸው መጽሐፋችን፤ እነሱ ደግሞ ዕድሜያቸው ገፍቷል። ሃዲዱ የተኛበትን አግዳሚ ቡናማ ቀብተን እንጨት አስመስለን ጨርሰን ሳለ አንዱ አባት አይተው «ይሄ የማን አገር ነው? የኛ ብረት ነበር እኮ» አሉን። ስድስት ሜትር ሙሉ እንደገና ቀባን። እሳቸው ባይመጡ ኖሮ ልጆቻችን የእንጨቱን አይተው ያድጉ ነበር። ባለፈው ዓመት ይመጡ ከነበሩት አንዱ ዘንድሮ የሉም። የፉርጎው በር በየት በኩል እንደሚንሸራተት ልንጠይቃቸው ቀጠሮ ይዘን ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ በምላሹ እንሠራለን። አባትዎ ወይም እናትዎ ምድር ባቡር ሠርተው ከነበረ ፎቶ ይላኩልን። 2 ሴንቲ ሜትር አድርገን ጣቢያው ላይ እናቆማቸዋለን። ይህ ለሰጠም ላልሰጠም ነው። እስካሁን 11 ሰዎች ቆመዋል። አንዲት እህታችን መጥታ ጎንበስ ብላ ስትፈልግ ስሙን ሳንነግራት «ይሄ አባባ ነው» አለች። በምን አወቅሽ ስንላት «ፋኖሱን በግራ እጁ ነዋ የያዘው» አለች። ፎቶው ላይ በግራው ስለነበር እንዲሁ ሠርተነው ነበር እንጂ ግራኝ መሆኑን አናውቅም።

እነዚህ 11 ሰዎች አሁን ጣቢያው ላይ ቆመው ባቡር እየጠበቁ ነው።

ቅዳሜ ከ9 ሰዓት ጀምሮ በሩ ክፍት ነው። ወንበሩም በአዲሱ ቀለሙ ይመጣል። ምንም ሳትይዙ ብትመጡም አንቆጣም፤ ጀበናው የት እንዳለ እናሳያችኋለን።