ሰማያዊው ለምን ጮኸብሽ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሿ የፊት ጥርሷን ነቅላ ስትስቅ ታስቃለች።

እማዬ፣ የቀኝ ዓይንሽ ሞራ ከተነሣ ወዲህ መሶብሽ ላይ ያለው ሰማያዊ «ጮኸብኝ» አልሽኝ። ሐኪሙ ዓይኔን አበላሸው እንዴ ብለሽም ሰጋሽ። ኧረ አላበላሸውም! ሰው ሲያረጅ የዓይኑ ሌንስ ቀስ በቀስ ቢጫ ይሆናል። ሰማያዊ ብርሃን እንደ ልብ አያሳልፍም። እስካሁን ጣናን ራሱ በቢጫ መስታወት ስታዪው ኖረሻል ማለት ነው። አሁን ጥርት ያለ ሌንስ ገባልሽ። እስቲ ቀኝሽን ሸፍነሽ መሶቡን በግራሽ እዪው፤ ቀጥሎ ግራሽን ሸፍነሽ በቀኝሽ። አክርማውን የነከርሽ ጊዜ ሰማያዊው ይሄ ነበር፤ እንዲያውም ፀሐይ ሳያደበዝዘው ይብስ ነበር።

በዚሁ ሰበብ ስለ ዓይን ማንበብ ያዝኩልሽ። «ሥራ ፈት» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ማንቲስ ሽሪምፕ የሚባል የባሕር ፍጥረት አለ። ጣና ውስጥ አትፈልጊው፤ ኑሮው እንደ ቀይ ባሕር ባለ ሞቃት የጨው ውሃ ነው። ዓይኖቹ በዘንግ ላይ ቆመው አንዱ ወደ ላይ ሲያይ ሌላው ወደ ጎን ይዞራል። ቀለም የሚለዩ የዓይን ሕዋሳት እኛ 3 ዓይነት አሉን፤ እሱ እስከ 12 ዓይነት አለው!

ታዲያ ከኛ ዐሥር እጅ የሚያይ መስሎ ይወራለት ነበር። በ2014 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ግን ተመራማሪዎች በምግብ እያባበሉ ፈተኑት። ሁለት ቀለም እያቀራረቡ ሲያሳዩት ይምታታበት ጀመር። ከ12 እስከ 25 ናኖሜትር ካልተራራቁ አይለይም፤ ሰው ከ1 እስከ 5 ይበቃዋል። (ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት የሚለካበት ነው፤ ዝርዝሩን ለልጅ ልጆችሽ ተይላቸው።) አንቺ ግን ቅዳሜ ገበያ ሁለት እስር ቀይ አክርማ ይዘሽ «ይሄ ከዚያ ጋር ባንድ አልተነከረም» እያልሽ ነጋዴ ታፋጥጫለሽ።

ምክንያቱ ደስ ይላል። የኛ አንጎል 3ቱ የሚያቀብሉትን እያነጻጸረ ነው እልፍ ቀለም የሚያወጣው። ማንቲስ ሽሪምፕ ማነጻጸሩን የተወው ይመስላል፤ ተመራማሪዎቹ እንደሚገምቱት ቀለሙን አይቶ ወዲያው ያውቀዋል፣ በቃ። አድኖ ለሚበላ ፍጥነቱ ይሻለዋል።

የአጎቴ ንቦችስ? እነሱም እንደኛ 3 ዓይነት ነው ያላቸው፤ ግን ቀይ እንደ ቀለም አይታያቸውም። በምትኩ እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት ያያሉ። የአደይ የቅርብ ዘመድ የሆነ አንድ ቢጫ አበባ ተጠንቷል። ለኛ ወጥ ቢጫ ነው። ለንቧ ግን የአበባው ቅጠሎች ጫፍ አልትራቫዮሌቱን ሲመልስ ወደ መሃሉ ያለው ስለሚውጠው፣ ማሩ ያለበት ቦታ ተለይቶ ይታያታል።

እኛንም ከዚህ ብርሃን በዋናነት የሚጋርደን ያው ሌንሳችን ነው። ድሮ ሞራ ወጥቶላቸው ሌንስ ያልተተካላቸው ሰዎች አልትራቫዮሌትን በመጠኑ ያዩት ነበር። አንቺ ተተክቶልሻል፣ የዛሬዎቹ ሌንሶችም አብዛኞቹ ይከላከሉታል። ስለዚህ ንቧ የምታየውን አደይ አየሁ ብለሽ ጎረቤት እንዳታስደነግጪ።

ይሄን ሁሉ የቀባጠርኩት የግራውን ቀጠሮ ልትሰርዢ ነው ስለተባልኩ ነው። እባክሽ አትሰርዢው። እህቴ አብራሽ ትሄዳለች፣ ተነጋግረናል። ለሰርጉ የጀመርሽውን መሶብም ቀለሙ አልጣመኝም ብለሽ አትፍቺው፤ ግራሽ እስኪሠራ ጠብቂ። ጠብታውን ሐኪሙ ባለሽ ሰዓት አድርጊ፣ ጭስ ላይም አትጎንበሺ።

ናፋቂ ልጅሽ