የፖስታ ሳጥኑ ቁልፍ

አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 2018

ይድረስ ለምወድዎት አባባ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ልጆቹ ጉልበትዎን ይስማሉ።

መጻፌ ስልክ ላይ ጆሮዎ ስላስቸገረዎት ነው። ባለፈው እሁድ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ተናግሬ፣ አልሰማ ሲልዎት ስልኩን ለእህቴ ሰጧት። ይህን ነገር ግን በእህቴ በኩል ልነግርዎት አልፈልግም። ፊደሉን ተለቅ አድርጌ ነው ያሳተምኩት። መነጽርዎን ያድርጉና በረንዳው ላይ፣ ፀሐዩ ጋ ቁጭ ብለው ያንብቡት።

ለፋሲካ ስመጣ የጡረታ ወረቀትዎን እንድፈልግ ልከውኝ የብረት ሳጥንዎን ከፍቼ ነበር። ከታች፣ ከድሮ ደረሰኞች መሀል፣ አንድ ቀጭን ሰማያዊ ፖስታ አገኘሁ። ከጅዳ ነው፤ የአጎቴ የእጅ ጽሑፍ። ጥቅምት 1991 ይላል። መክፈት አልነበረብኝም፤ ከፈትኩት።

«ጋሼ፣ ያሉኝን ቤተሰብ እዚህ ባሉ የአሥመራ ሰዎች በኩል አጠያይቄያለሁ። አባትየው ጋራዥ የነበረው፣ ከጎንደር የሄደ ብዬ ነው የጠየቅሁት። እስካሁን አውቃለሁ ያለኝ ሰው የለም። ልጅቱን አይዞሽ ይበሉልኝ።»

ሁለቴ አነበብኩትና አጥፌ ቦታው መለስኩት። ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ ነበር። እርስዎ ጠላዎን ይዘው ከጎረቤቶች ጋር ይጫወታሉ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። «ምን ሆንሽ?» ላለኝ ሁሉ ሽንኩርት አልኩ።

አባባ፣ ስለዚያ ልጅ አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ዛሬ ልንገርዎት።

ሰፈሩ ሁሉ የጋራዡ ልጅ ነበር የሚለው። በ1989 ጥምቀት፣ ታቦታቱ ፋሲለደስ ወርደው፣ እኔ እማዬ ያሠራችልኝን አዲስ ጥበብ ለብሼ ከጓደኞቼ ጋር ቆሜያለሁ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የተባለበት ቀን አይደል? ከየት እንደመጣ ሳላይ አንድ ሎሚ ደረቴን መታኝ። ቀና ስል ከዋርካው ሥር እሱ ቆሟል። ወርውሮ ሲያበቃ የደነገጠው እሱ ነው። ጓደኞቼ ሳቁ። እኔ ሎሚውን አንሥቼ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት። እርስዎ ያን ጊዜ ጋቢዎን ለብሰው ከካህናቱ ኋላ ነበሩ፤ ያዩኝ ይሆን እያልኩ ቀኑን ሙሉ ስፈራ ዋልኩ።

ሎሚውን ለዓመታት ከልብሴ መሀል አኖርኩት። ደረቀ፣ ጠቆረ፣ እንደ ዛጎል ቀለለ። ስነቀንቀው ፍሬው ውስጡ ኳ ኳ ይል ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበረው አብሮ መሄድ ብቻ ነው። ከትምህርት ቤት ስንወጣ እሱ ብስክሌቱን እየገፋ፣ እኔ ደብተሬን ታቅፌ። ቀሃ ድልድይ ጋ ስንደርስ እንለያያለን። አንድ ቀን ብቻ እጄን ያዘኝ። ከአባቱ ጋር ሲሠራ ውሎ ስለነበር የሞተር ዘይቱ መዳፌ ላይ ቀረ። ያን ቀን እጄን አልታጠብኩም። ራት ሲቀርብ፣ እማዬ ማስታጠቢያውን ይዛ ስትቆምብኝ ነው ዘይቱ የሄደው። አሁን አርባ አምስት ዓመት አልፎኛል፤ ያ ውኃ ጥቁር ሆኖ ሲወርድ ዛሬም ይታየኛል።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ አባቱ ቤተሰቡን ይዘው ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ አሥመራ ተመለሱ። «እጽፍልሻለሁ፤ ግን በየት ልላክ?» አለኝ። ሌላ ምን አድራሻ ነበረኝ? የእርስዎን የፖስታ ሳጥን ቁጥር ሰጠሁት። ሰጥቼው ቤት እስክገባ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። የክፍል ጓደኛዬን አባቷ ከደብተሯ ውስጥ የወንድ ደብዳቤ አግኝተው በቀበቶ ገርፈዋት ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቀርታ ነበር። ያኔ የማውቀው የአባት ወግ ይኸው ነበር።

መስከረም 1990፣ ዓርብ ማታ ነው። ከፒያሳ ፖስታ ቤት መጡ። ኮትዎን ሰቀሉ። ከውስጥ ኪስዎ ፖስታውን አውጥተው ሬዲዮኑ ሥር አስቀመጡት። አልተከፈተም። የውጭ አገር ቴምብር ያለበት፣ ከላዩ የወንድ ልጅ የእጅ ጽሑፍ፣ መሀሉ ላይ የእኔ ስም። «ደብዳቤ መጥቶልሻል» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው «ማትሪክሽን እንዳትረሺ» አሉ። ሌላ ቃል አልወጣዎትም። እማዬ አንድ ነገር ልትል አፏን ስትከፍት፣ በዓይንዎ ዝም አሰኟት። አየሁ እኮ አባባ።

እስከ ሚያዝያ ድረስ ሰባት ደብዳቤ መጣልኝ። ሰባቱንም እርስዎ ነዎት ያመጡልኝ። ሁሉም «ከአንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ» ብለው ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ የሚጽፈው ስለ ከተማው ነው። ስለ ዘንባባው፣ ስለ ብስክሌቱ ብዛት። የጎንደር ፒያሳ የአሥመራ ታናሽ ወንድም ይመስላል ብሎኝ ነበር፤ ሁለቱንም ጣሊያን ስለሠራቸው። ኅዳር ላይ ደግሞ ብር ቀርቶ በናቅፋ መገበያየት እንደጀመሩ ጻፈልኝ። ያኔ እንደ ወሬ ነው ያነበብኩት። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ አልገባኝም። አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላት ልጅ ስለ ገንዘብ ለውጥ ምን ታውቃለች?

ግንቦት ላይ ጦርነቱ መጣ። ስልኩ ተቋረጠ፣ አውሮፕላኑ ቀረ፣ ፖስታውም አብሮ ተዘጋ። የሰፈራችን አንዳንድ ቤቶችም በዚያ ክረምት ባዶ ሆኑ።

እርስዎ ግን ማክሰኞና ዓርብ ፖስታ ቤት መሄድዎን አላቆሙም። መጥተው ኮትዎን ሲሰቅሉ፣ እኔ ሳልጠይቅዎት፣ «ዛሬም የለም» ይላሉ። ሰኔ ዛሬም የለም። ነሐሴ ዛሬም የለም። አዲስ ዓመት ገባ፤ ዛሬም የለም።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። እኔ እርስዎን አላመንኩም ነበር። ደብዳቤው እየመጣ የሚደብቁብኝ መሰለኝ። ዓለም ሁለት ተከፍሎ ፖስታ መሄጃ አጣ ብሎ ከማመን፣ አባቴ ደበቀብኝ ብሎ ማመን ቀለለኝ። አንድ ቅዳሜ እርስዎ ለቅሶ ሲሄዱ ቁልፉን ከኮትዎ ኪስ ወሰድኩ። ያ በቀይ ክር የታሰረው ትንሽ ቁልፍ። ፒያሳ ሮጥኩ። ከፈትኩት። ውስጡ አንድ የመብራት ቢልና አቧራ ነበር። ያኔም አላመንኩም፤ ዓርብ ዕለት ወስደውት ይሆናል አልኩ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ያንን ቂም ይዤ ነው የሄድኩት። የመጀመሪያው ዓመት ለምን ደብዳቤ አትጽፊም ብለው ሲጠይቁኝ «ጥናት በዝቶብኝ ነው» አልኩዎት። ውሸት ነበር። እርስዎ ለእማዬ «ልጅቱ ከፍቷታል፣ ተያት» ብለዋታል። ይህን እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከዓመታት በኋላ ነው የነገረችኝ። የጅዳውን ነገር ግን እሷም አልነገረችኝም። ምናልባት እሷም አታውቅ ይሆናል።

እኔ በእርስዎ ላይ ቂም ስቆጥር፣ እርስዎ ቀይ ባሕር ማዶ ያንን ልጅ ያስፈልጉልኝ ነበር። ሌላው አባት የልጅ ጨዋታ ነው፣ ይረሳዋል ብሎ ይተወዋል። እርስዎ ወረቀት ገዝተው፣ ቴምብር ለጥፈው፣ ለሚስትዎ ወንድም ስለ አንድ የጋራዥ ልጅ ጻፉ። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ወሬ መሀል። ይቅር ይበሉኝ አባባ። ከልቤ ነው።

ሐምሌ 2010 መስመሩ ሲከፈት ያስታውሳሉ? ሰው ዝም ብሎ የአሥመራ ቁጥር እየደወለ ከማያውቀው ሰው ጋር ያለቅስ ነበር። እኔ ቢሮ ተቀምጬ ስልኬን ይዤ፣ የምደውልበት ቁጥር አልነበረኝም። በኋላ አንዲት ከዚያ የመጣች ደንበኛ ባንካችን መጥታ፣ አላስቻለኝም፣ ጠየቅኋት። ከጎንደር የተመለሱ፣ ጋራዥ ያላቸው ቤተሰብ አልኳት። «እህቴ፣ የአሥመራ ጋራዥ መች ተቆጥሮ» አለችኝና እጄን ያዝ አደረገችኝ። ለባለቤቴ ማታ ነገርኩት። ደግ ሰው ነው፤ ያውቁታል። «በሕይወት ይኑር እንጂ» አለ። እኔም የምመኘው ይህንኑ ነው። የሆነ ቦታ ጋራዥ ውስጥ፣ ዘይት በዘይት ሆኖ፣ ልጆቹ ምሳ ሲያመጡለት።

ትልቋ ልጄ አሥራ ስድስት ሞላት። ሰሞኑን ስልኳን ታቅፋ ነው የምትተኛው፣ ስገባ ትገለብጠዋለች። አንድ ሌሊት ላነሣው እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ ሬዲዮኑ ሥር ያለው ፖስታ ትዝ አለኝ። ብርድ ልብሷን አስተካክዬላት ወጣሁ።

ለጥምቀት እመጣለሁ። በአውሮፕላን ነው፣ ስለ መንገዱ አያስቡ። ጉልበትዎ እሺ ካለዎት ወንበር ይዘን ፋሲለደስ እንወርዳለን፤ ካልሆነም በረንዳው ላይ እንቀመጣለን። አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ሳጥኑ ውስጥ ያየሁት የአጎቴን መልስ ብቻ ነው፤ እርስዎ የጻፉለትን አላየሁም። ስለ እኔና ስለዚያ ልጅ ምን ብለው ጻፉለት? ስመጣ ይንገሩኝ። ይህ ደግሞ የእርስዎን ጆሮ አያስቸግርም፤ እርስዎ ይናገራሉ፣ እኔ እሰማለሁ።

ልጅዎ