የሚረግጡት ድንጋይ እንዳይከዳ፦ ለዕድራችን ግቢ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የዕድራችን አባላት፣ ከሰፈሩ ወጥታችሁም ልባችሁ እዚህ የቀረ የሰፈራችን ልጆች፤

ባለፈው ክረምት ለቅሶ ላይ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። አንዲት እናት የንፍሮ ትሪ በሁለት እጃቸው ይዘው ከማብሰያው ክፍል ሲወጡ የረገጡት ባዞላ (የግቢው ንጣፍ ድንጋይ) ተነቃነቀ። ከሥሩ ጭቃ ውኃ ቀሚሳቸው ላይ ተረጨ። በጉልበታቸው ወደቁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልተሰበሩም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በግቢያችን አዛውንት ሲያልፉ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ እግራቸው ላይ ነው።

ድንጋዩ ምንም አልሆነም። ጉዱ ያለው በድንጋይና በድንጋይ መካከል ባለችው አንድ ሳንቲ ሜትር ክፍተት ነው። ስናስነጥፍ በሲሚንቶና አሸዋ ትሞላ ተባለ። ርካሽ ነበር፣ ቶሎም ያልቃል፤ ሁላችንም እሺ አልን። መሬታችን ግን ዋልካ ነው። ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። መሬቱ ሲነሳና ሲወርድ ሲሚንቶው አብሮት መሄድ ስለማይችል ተሰነጠቀ። በስንጥቁ የገባው ውኃ ከሥር ያለውን አሸዋ አጠበው፣ ድንጋዩም ባዶ ላይ ቀረ። ድንኳን በተተከለ ቁጥር ደግሞ ካስማውን የምንመታው እዚያችው ክፍተት ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ የለንማ።

አሁንም በላዩ ሲሚንቶ እንለስንበት የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አልተቀበልነውም። በሚነቃነቅ ድንጋይ ላይ የሚለሰን ሲሚንቶ ከአንድ ክረምት አያልፍም።

ተራ አሸዋስ? ሞከርነው። ከሁለት ቦታ አሸዋ አምጥተን በየሃይላንዱ ሲሶ ያህል ጨመርን፣ ውኃ ሞልተን በጥብጠን አሳደርነው። ጠዋት ስናይ በአንደኛው ላይ ሁለት ጣት የሚሆን ደለል ተኝቶበታል። እንዲህ ያለ አሸዋ ክፍተት ውስጥ ሲገባ ጭቃ ይሆናል፣ ሣር ያበቅላል። ሁለተኛው ንጹሕ ነበር፤ ግን የወንዝ አሸዋ እንደ ዶቃ የተሞረደ ስለሆነ ይንከባለላል፣ ጎርፍ ሲመጣ ቀድሞ ይሄዳል። ከድንጋይ መፍጫ የሚወጣው ደቃቅ የድንጋይ ስብርባሪ፣ 00 የሚባለው፣ ግን ጥርስ አለው። ሲጠቀጠቅ እርስ በርሱ ይያያዛል። መሬቱ ትንሽ ቢንቀሳቀስም አብሮ ይንቀሳቀሳል እንጂ አይሰበርም።

ውጭ አገር ያለ አንድ ወንድማችን ማጣበቂያ የተቀላቀለበትን፣ ውኃ ሲረጭበት የሚጠነክረውን አሸዋ ልላክ ብሎናል። እናመሰግነዋለን። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ሣርና ጉንዳንም ይከላከላል። ግን ለ180 ካሬያችን ግማሽ ቶን ገደማ ያስፈልጋል፣ ሲሠራም ድንጋዩ ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት። ፊቱ ላይ የቀረው ብናኝ ከረጠበ ነጭ ሆኖ ይጣበቅና አይለቅም። ደግሞ ነገ አንድ ድንጋይ ብናነሳ ያንኑ ዕቃ ከየት እናመጣለን? 00 ግን ሁልጊዜ እዚሁ ይገኛል። ወንድማችን የመላኪያውን ገንዘብ ለዚሁ ሥራ ቢያውልልን ደስ ይለናል።

ስለዚህ የወሰንነው ይህን ነው። ድንጋዮቹ በሙሉ ይነሳሉ። ዋልካው ተቆፍሮ ይወጣና በተጠቀጠቀ ገረጋንቲ (እንደ ዋልካ በማያብጥ ጠጠራም አፈር) ይተካል። ውኃው ወደ ቦዩ እንዲሄድ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። በላዩ 00 ይነጠፋል፣ ድንጋዩም ይመለሳል። ክፍተቱ በወንፊት በተነፋ ደረቅ 00 በመጥረጊያ እየተሞላ ይጠቀጠቃል፣ ሲወርድ እንደገና ይሞላል። ጎላ የሚታጠብበት ቦታና አሸንዳው የሚፈስበት መስመር ብቻ ከሥሩ ኮንክሪት ፈስሶ በሲሚንቶ ይሞላል፤ እዚያ ልቅ ነገር አይቆምም። ለካስማው ደግሞ ክዳን ያለው የብረት ቱቦ በኮንክሪት እንቀብራለን። ከዚህ በኋላ መዶሻ ይዞ ክፍተት የሚፈልግ አይኖርም።

ክፍተቱን የሚሞላው 00 ራሱ ግማሽ ሜትር ኩብ አይሞላም። ገንዘቡን የሚፈጀው ቁፋሮው፣ ገረጋንቲው፣ የመኪናውና የሠራተኛው ክፍያ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ለክፍተት ይህን ያህል?» ማለታችሁን ሰምቻለሁ። ልክ ናችሁ፣ ለክፍተት ብቻ አይደለም። ግን ሥሩን ሳናስተካክል ክፍተቱን ብንሞላ ያው የዛሬ ዓመት እንደገና እጃችንን እንዘረጋለን።

የምንለምናችሁ እያንዳንዱ ቤተሰብ ቢያንስ የአንድ ካሬ ወጪ እንዲሸፍን ነው። የቻለ ሁለት፣ ሦስት ይያዝ። አቅም የሌለው ጉልበቱን ይስጠን፤ ድንጋይ ማንሳትና መቁጠር ራሱ የሦስት ቀን ሥራ ነው። መኪና ያላችሁ አንድ ቢያጆ ገረጋንቲ ብታመላልሱልን ትልቅ ነገር ነው። ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ብሩን እዚህ አልጻፍኩም። ከሦስት ቦታ የሰበሰብነው ፕሮፎርማ ዕድሩ ጸሐፊ ዘንድ አለ፣ መጥታችሁ እዩት። ገንዘቡ በዕድሩ የባንክ ሒሳብ ብቻ ይገባል፤ ለማንም በእጅ እንዳትሰጡ። ሥራው ከሰኔ በፊት ማለቅ አለበት፣ ዝናብ ከገባ ዋልካው አያስቆፍርም።

ከማብሰያው ክፍል በር ፊት ለፊት ስድስት ድንጋዮችን ለሙከራ በአዲሱ መንገድ መልሰናቸዋል። እሑድ ለስብሰባ ስትመጡ በእግራችሁ ርገጧቸውና ከጎናቸው ካሉት ጋር አስተያዩ።