አባዬ፣ ደብተሩን አየሁት

ውድ አባዬ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበትክ? እኔና ልጆቹ ደህና ነን።

በየእሁዱ በስልክ እያወራን ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትለኝ። ልነግርህ የያዝኩት ነገር አለ። ሦስት እሁድ ሙሉ ሳልነግርህ ስልኩን ዘጋሁት። "ሌላስ?" ስትለኝ "ምንም፣ ደህና" እላለሁ። ሌላው ግን ብዙ ነው።

እስቲ ከልጆቹ ልጀምር። የትንሹ የፊት ጥርሶች ወልቀዋል፤ ሁለቱም በአንድ ሳምንት። ፎቶውን እህቴ ስልክ ላይ ልኬዋለሁ፣ አሳዪኝ በላት። ትልቋ በቁመት ደርሳብኛለች። ጠባይዋ ግን ያንተው ነው። ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምታየው ሰማዩን ነው። ጓሮ ጣሳ አስቀምጣ ዝናብ መለካት ጀምራለች። ያስተማርካትን አንድም አልረሳችም። ጣሳው ከላይ እስከ ታች ስፋቱ እኩል ይሁን፣ ከዛፍና ከጣሪያ ይራቅ፣ ውሃው ሳይተን በማለዳ ይለካ። ክፍል ውስጥ ቆማ "1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው" ብላ ስታስረዳ መምህሯ ተገርሞ ከየት እንዳመጣችው ጠየቃት። "ከአያቴ" አለችው። ይህንን ስትነግረኝ ፊቷን ብታየው ደስ ይልህ ነበር።

ሰሞኑን ደግሞ ስለ አንድ አሜሪካዊ ሳይንቲስት አነበበችልኝ። ቻርለስ ዴቪድ ኪሊንግ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1958 ሃዋይ ውስጥ፣ ማውና ሎዋ በሚባል ተራራ ላይ፣ አየሩ ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለካት ጀመረ። ያኔ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 315 ገደማ ነበር። አሁን ከ420 አልፏል። ብዙ ጊዜ ገንዘብ ሊቋረጥበት ደርሶ ሰውየው ግን ሙጭጭ ብሎ ያዘው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሞተ። መለካቱ አልቆመም፤ ልጁ ራልፍ ቀጠለው።

አንብባ ስትጨርስ "እማ፣ የአባባን ደብተር ማን ይቀጥለዋል?" አለችኝ። ልብስ እያጠፍኩ ነበር። እንዳልሰማ ሆንኩ።

አባዬ፣ ደብተሩን አየሁት።

ለትምህርት ቤት ሥራ ትፈልገዋለች ብዬ እህቴን ገጾቹን በስልክ አንሺልኝ አልኳት። ሦስት ማታ ሙሉ ስታነሳ አመሸች። 34 ዓመት ዝናብ! አንድ በአንድ አየሁት። ባለሙያዎቹ የአንድን አካባቢ አየር ንብረት እንዲህ ነው ለማለት 30 ዓመት ይቆጥራሉ። አንድ ዓመት ቢደርቅ ወይም ቢጨቀይ የአየር ሁኔታ ነው፣ ይመጣል ይሄዳል። 30 ዓመት ሲሆን ነው ወሬ መሆኑ የሚቀረው። አንተ ያንን ብቻህን፣ በጣሳና በማስመሪያ ሠርተኸዋል። ማንም አላዘዘህም።

"ድርቅም ጎርፍም ድሮም ነበረ፣ ዜና ላይ የሚያወሩት ሁሉ እውነት አይምሰልሽ" እያልክ ስንት ጊዜ ተከራከርከኝ። አልተሳሳትክም፣ ድሮም ነበረ። ግን የራስህ ደብተር ሌላ ነገር ይናገራል። መጀመሪያ አካባቢ ያሉት ገጾች ላይ ትናንሽ ቁጥሮች በርከት ብለው በተከታታይ ቀን ተጽፈዋል፦ 4፣ 6፣ 3፣ 7። ኋላ ላይ ባዶ ሳምንታት በዙ፣ ከዚያ ድንገት 50 ወይም 60። ይህ እዚያ ሰፈር ብቻ አይደለም። አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 7 ከመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል። ይዞ ይዞ ሲለቀው በአንዴ ነው። እ.ኤ.አ. 2024 ደግሞ እስከዚያ ድረስ ከተለኩት ዓመታት ሁሉ የሞቀው ነበር፤ የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው በ1.55 ዲግሪ ገደማ ይበልጣል ብሏል። አንተ ያንን "ዝናቡ ጠባዩን ለወጠ" ብለህ ጠርዙ ላይ ጽፈኸዋል። ካንተ አጻጻፍ የተሻለ አላገኘሁም።

ስለ ሙቀቱ ሳነሳ አንድ ነገር ልበልህና ወደ ደብተሩ እመለሳለሁ። እህቴ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ እንደሌለህ ነግራኛለች። መንገድ ዳር የነበሩት ዛፎች ከተቆረጡ ወዲህ አስፋልቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይተፋዋል አለች። እባክህ ውሃ ጠጣ። ሳይጠማህ ጠጣ። ሰው ሲያረጅ የጥም ስሜቱ ይደክማል፤ ሰውነት ውሃ እያነሰው "አልጠማኝም" ይላል። ከደም ግፊት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ደግሞ ሽንት እያበዙ ውሃ ያስወጣሉ፣ ያንተ ከእነሱ ይሁን አይሁን ሐኪሙን እንጠይቀዋለን። ቬንትሌተር ገዝቼ እልካለሁ። ቤቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ግን አታብራው፤ ያኔ ይብስ ያሞቃል እንጂ አያቀዘቅዝም። ፎጣ አርጥበህ አንገትህና ክንድህ ላይ አድርግ።

ይህንን ሁሉ የምጽፈው ሙቀት ድምፅ ስለሌለው ነው። ጎርፍ ሲመጣ ካሜራ ይሮጣል። ድልድይ ሲወሰድ፣ መኪና ሲንሳፈፍ ዓለም ሁሉ ያያል። ሙቀት ግን ለምስል አይመችም። ምን ያሳዩበታል? እ.ኤ.አ. በ2003 አውሮፓ ላይ በሙቀት ከ70,000 ሰው በላይ ሞቷል። አብዛኞቹ አዛውንቶች ናቸው። ብዙዎቹ የሞቱት ቤታቸው ውስጥ፣ በራቸው እንደተዘጋ ነው። ጎረቤት ቢያንኳኳ የሚተርፉ ነበሩ። ዛሬ ሁላችንም ሩቅ አገር የተቃጠለ ጫካ እናያለን፣ የግድግዳ ጎረቤታችን መታመሙን ግን በስልክ ግሩፕ ነው የምንሰማው። አንተ ድሮ በየቤቱ እየዞርክ "ነገ ይዘንባል፣ የተሰጣ አስገቡ" ትል ነበር። አሁን ማን ላንተ ያንኳኳል እያልኩ ነው የማድረው።

ስለ ስልክ ካነሳሁ ይህንንም ልናገር፣ በልቤ ከሚቀር። ያ ፎርዋርድ ያደረግክልኝ የጎርፍ ቪዲዮ የዚህ ዓመት አይደለም። ዓመታት ያለፉት ነው፤ በየክረምቱ አዲስ ተብሎ ይመለሳል። እሱስ ይሁን። ያ የማናውቀው ሰው "የግፊት መድኃኒት ጣሉት" ያለበት የድምፅ መልእክት ግን አስለቅሶኛል። አሥር ቀን አቋርጠህ ነበር። አሥር ቀን አባዬ! "ሁለት ጣቢያ ካልተስማማበት ዜና አይደለም" ብለህ ያሳደግከን አንተ ነህ። ማታ ማታ የሬዲዮኑን መዘውር እያዞርክ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ትሄድ ነበር። አጭር ሞገድ ሌሊት ለምን ከሩቅ እንደሚሰማ፣ ሞገዱ ወደ ላይ ወጥቶ ከከፍተኛው አየር እየነጠረ እንደሚመለስ፣ ጭንህ ላይ አስቀምጠህ አስረድተኸኛል። ያ ሁሉን የሚያጣራ ሰው አንድ የማያውቀው ድምፅ "ወንድሞቼ" ብሎ ስለጀመረ እንዴት አመነው?

ሬዲዮኑን ባላነሳው ይሻል ነበር። ግን አነሳሁት።

ያቺን ማታ አንተም ታውቃታለህ። ዜና እየሰማህ ነበር። ዝናቡ በመስኮቱ ገብቶ የእማዬን አልጋ እየመታ ነበር። እኔ ልዝጋው ብዬ እጄ አልደረሰም። መጥቼ "እማዬ መስኮቱን ዝጋልኝ አለች" አልኩህ። "ዝም በይ፣ ዜናው ይለቅ" አልከኝ። ተመልሼ ሄድኩ። ብርድ ልብሷን በእጄ ይዤ ቆምኩ። እጄ እስኪዝል ድረስ ይዤው ቆምኩ። ዜናው ከስፖርቱ ጋር አለቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መድገም አልፈልግም። ያቺ ዝናብ ናት ያመጣችው እንዳላልክ አውቃለሁ፣ ሐኪሞቹም አላሉም። እኔ ግን ዛሬም ዜና ሲጀምር፣ ያ ሙዚቃ ሲመጣ፣ ክንዴ ይዝላል። ልጆቼ ሲጠሩኝ ምንም ነገር እያየሁ ቢሆን አጠፋዋለሁ። ለምን እንደሆነ ነግሬያቸው አላውቅም።

ፎቶዎቹ እንደመጡ መጀመሪያ የፈለግኩት የዚያችን ማታ ገጽ ነው። አገኘሁት። "31 ሚ.ሜ" ይላል። ሌላ ምንም የለም። በዚያ ባማረ ጽሕፈትህ፣ ከሥሩ በማስመሪያ ተሰምሮ። ዜናው እስኪያልቅ ያልተነሳው ሰው ጠዋት ተነስቶ ጣሳውን ለክቷል። ተናደድኩ አባዬ። አልዋሽህም፣ ከእነዚያ ሦስት እሁዶች በፊት ለሁለት ሳምንት ያልደወልኩት ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም።

ከዚያ የመጨረሻዎቹን ገጾች አየሁ።

ባለፈው ወር ማክሰኞ "12 ሚ.ሜ" ብለህ ጽፈሃል። ከሥሩ እንደገና ማክሰኞ፣ 12። እንደገና ማክሰኞ፣ 12። እህቴን ጠየቅኳት። ያ ሳምንት ጠራራ ፀሐይ ነበር፣ ጠብ ያለ የለም አለችኝ። ከሦስተኛው ቁጥር አጠገብ፣ መስመሩን ስቶ፣ "መስኮቱን ዝጋ" የሚል አለ። በሚቀጥለው ገጽም አለ። ለማን እንደጻፍከው አላውቅም። ለራስህ ይሁን፣ ለእኔ ይሁን።

ስልክ ላይ መናገር ያቃተኝ ይህንን ነው። በዚያው ሰሞን እህቴን በእማዬ ስም ጠርተሃት ነበር አሉ። "አፉን ወለም ብሎት ነው" ብላ አለፈችው። እኔም ማለፍ ፈልጌ ነበር።

እፈራለሁ። ግን ገና ምንም አልታወቀም። የውሃ እጥረት ብቻውን ትልቅ ሰውን ያደናግራል፤ እንቅልፍ ማጣትም እንደዚያው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የታይሮይድ ችግርም እንዲሁ ያስረሳሉ፣ ሁለቱም በደም ምርመራ ይታወቃሉ፣ ሁለቱም ይታከማሉ። ሌላ ነገር ከሆነም በጊዜ ማወቁ ይሻለናል። "እኔ ጤነኛ ነኝ" እንዳትለኝ። አንተ ለ34 ዓመት በግምት አልጻፍክም፣ ለክተህ ነው የጻፍከው። እኔም ተለክቶ ይታወቅ ነው የምለው።

እህቴ ለሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ቀጠሮ ይዛለች። የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ ያቋረጥካቸውንም ጭምር፣ በፌስታል ይዘህ ሂድ። ደብተሩንም ውሰድ፣ ሐኪሙ የመጨረሻዎቹን ገጾች ይያቸው። ስታሳየው አትፈር። እኔ እሮብ ማታ እደርሳለሁ፣ ትልቋንም ይዣት እመጣለሁ። ትንሹ ፈተና ስላለበት ከአባቱ ጋር ይቀራል።

ስለዚያች ማታ ምንም መልስ ካልመጣልህ አትጨነቅ። ከመጣልህ ግን ሬዲዮኑን አጥፍተን ቁጭ ብለን ብናወራ ደስ ይለኛል።

ደብተሩ ላይ መጻፍህን አታቁም። ባይዘንብም "አልዘነበም" ብለህ ጻፍ፤ ባዶ መተው ስህተት ነው ብለህ ያስተማርከን አንተ ነህ። ትልቋ በየማለዳው 1 ሰዓት ላይ እየደወለች የራሷን ትነግርሃለች፣ አንተም ጣሳውን አይተህ ያንተን ንገራት። የሁለታችሁንም ትጽፈዋለች። አዲስ ደብተር ገዝታለች፤ ሽፋኑ ላይ ስምህን ከላይ፣ ስሟን ከታች አድርጋዋለች።

የመኝታ ቤትህን መስኮት ማጠፊያ ስመጣ አሠራዋለሁ። እስከዚያው እህቴ ማታ ማታ ትዘጋዋለች፣ ነግሬያታለሁ።

ልጅህ