ቢላ ካንሰርን ያስቆጣዋል ወይ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በደም ናሙና ብዙ ዓይነት ካንሰር ስለመለየት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ከእጢ ወጥቶ ደም ውስጥ የሚዘዋወር ዲኤንኤ (የሴሉን የዘር መረጃ የያዘ ቁስ) አድኖ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021 በተጀመረው ሙከራ ብቻ 140 ሺህ ሰው ተሳትፏል። እኛ ሰሜን ሸዋ ላይ ግን ገና ከአንድ ወሬ ጋር ትግል ላይ ነን፤ "ካንሰር ቢላ ከነካው ይቆጣል" ከሚለው።

ደብረ ብርሃን ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ይህን ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። መንዝ ያለች አክስቴ ጡቷ ላይ እብጠት ወጣባት። አያማትም። ሐኪሙ ናሙና እንውሰድ ሲላት ነጠላዋን ሰብስባ "አትነካኩብኝ፤ ካልነኩት አይነካም" ብላ ወጣች። ጎረቤቱም "ደግ አደረግሽ" አላት። ወራት አልፈው ስትመለስ ብብቷ ሥር ንፍፊት አብጦ ነበር። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ስትዳከም ታዲያ ጥፋተኛው ቢላው ሆነ። ንፍፊቱ ቢላውን ቀድሞ እንደመጣ ማን ያስታውስ!

ካንሰር ለመሰራጨት ቢላ አይጠብቅም። ሴሎቹ ራሳቸው ከእጢው ተላቀው ወደ ደም ሥርና ንፍፊቶችን ወደሚያገናኙት ቀጫጭን ቧንቧዎች፣ ማለትም ወደ ሊምፍ መስመር ይገባሉ። አብዛኞቹ መንገድ ላይ ይሞታሉ፤ የተረፉት አጥንት፣ ሳንባ ወይም ጉበት ላይ ያርፋሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ስቴፈን ፓጄት እ.ኤ.አ. በ1889 በጡት ካንሰር የሞቱ የ735 ሴቶችን የአስከሬን ምርመራ መዝገብ ሲያገላብጥ በሽታው ጉበት ላይ በብዛት፣ ጣፊያ ላይ ግን እምብዛም እንደሚገኝ አየ። ዘሩ በየአቅጣጫው ይበተናል፣ የሚበቅለው ግን የሚስማማው መሬት ላይ ነው አለ። ይህን ለመንዝ ገብስ አራሽ ማስረዳት ለከተሜ ከማስረዳት ሳይቀል አይቀርም።

እውነቱን ለመናገር፣ በአንዳንድ የእጢ ዓይነቶች ናሙና ሲወሰድ ጥቂት ሴሎች መርፌውን ተከትለው የሚወጡበት አጋጣሚ አለ። ብዙ ጊዜ አይከሰትም። ሐኪሞችም ስለሚያውቁት መርፌው የሚገባበትን ቦታ አስበው ይመርጣሉ። ምንነቱ ያልታወቀ እጢ ይዞ ቤት መቀመጥ ግን ከዚህ እጅግ የከፋ ነው።

ለማህጸን በር ካንሰርማ ረቂቅ መሣሪያ እንኳን የማይፈልግ ምርመራ አለ። አቼቶ ውስጥ ያለው አሲድ ቀጥኖ ይቀባና አንድ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። የተለወጠው ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል። በቃ። ካንሰር ከመሆኑ በፊት ተደርሶበት ይታከማል።

ጻድቃኔ ማርያም ጠበል የሚሄደውን ሰው አልነቅፍም፤ እኔም እሄዳለሁ። ናሙና ሰጥቶ፣ ውጤቱን እየጠበቁ መጠመቅን ማን ከለከለ?

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው እትም የቀዶ ሕክምና ሐኪም አቅርቡና ቢላ ያስቆጣዋል ወይ ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁልን። መልሱን አጠር፣ ፊደሉን ተለቅ አድርጉት። ቆርጬ ጤና ጣቢያው በር ላይ እለጥፈዋለሁ።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ከደብረ ብርሃን