የአይሲቲ ክበብ በ2017 ዓ.ም.፦ ጀርመን ያለው ሰርቨራችን

ዓመቱን የጀመርነው በ14 ተማሪዎችና ከመጋዘን ባወጣነው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። አቧራውን አራግፈን ዴቢያን ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ስርዓተ ክወና ጫንንበት፤ ልጆቹ ራሳቸው የሚያስተዳድሩት የጌም ሰርቨር፣ ማለትም ተጫዋቾች ሁሉ ከየኮምፒውተራቸው የሚገናኙበት ማዕከል፣ ሆነ። አንዳንድ ወላጆች «ክበብ ነው ወይስ ጌም ቤት?» ብለው ጠይቀውኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ስለዚህ የሠራነውን እንደነበረ ልጻፈው።

የመረጥነው ጌም ሚንቴስት ነው። ነፃ ስለሆነ ፈቃድ አይገዛለትም፤ የኮምፒውተር ክፍላችን (የላቡ) ደካማ ኮምፒውተሮችም ይሸከሙታል። ዓለሙ ከኩብ የተሠራ ነው፤ ብዙ ሰው አንድ ላይ ገብቶ ይቆፍራል፣ ይገነባል። እኛ ገና ሥራ ስንጀምር፣ በጥቅምት፣ ስሙ ተቀይሮ ሉአንቲ ተባለ። በፊንላንድኛ «ፍጥረት» ማለት ከሆነው ቃልና ሉአ ከተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተገጣጠመ ስም ነው።

ልጆቹ ለመሥራት የተስማሙት ቤተ ጊዮርጊስን ነው። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ ነውና እነሱም ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልደረደሩም። አንድ ኩብ አንድ ሜትር ይሁን ብለው፣ የመስቀሉን ጣሪያ አስቀርተው፣ ዙሪያውን 12 ኩብ ያህል ወደ ታች ቆፈሩ። ሕግም አወጡ፦ የተቆፈረ አይመለስም። ጌሙ ውስጥ ኩቡን መልሶ መለጠፍ ይቻላል፤ የዱሮዎቹ ፈልፋዮች ግን አይችሉም ነበር ብለው ነው። ይህን ሕግ እኔ አላቀረብኩም።

ችግራችን ሌላ ነበር። መብራት ሲሄድ ሰርቨሩም አብሮ ይሄዳል። ላቡ ከ11 ሰዓት በኋላ ይቆለፋል። በትምህርት ቤቱ መስመር ደግሞ ከውጭ ወደ ውስጥ መግባት አይቻልም። በታኅሣሥ ጀርመን የሚኖር የቀድሞ ተማሪያችን እዚያው አንድ ትንሽ ሰርቨር ተከራየልንና ዓለማችንን ወደዚያ አዛወርነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮምፒውተሩን በዓይኑ ያየው ልጅ የለም። የሚነኩት ኮምፒውተርን ከሩቅ ለማዘዝ በሚያስችለው በኤስኤስኤች፣ በጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየጻፉ ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት የመግቢያ መዝገቡን አብረን ከፈትን። በአንድ ሌሊት ብቻ በመቶ የሚቆጠር የመግባት ሙከራ። «ሩት»፣ «አድሚን»፣ «ቴስት» እያሉ ፓስዎርድ የሚገምቱ ሮቦቶች ናቸው። ላቡ ጸጥ አለ። እኔ ስለ ደህንነት አንድ ሴሚስተር ሙሉ ባስተምር ያቺን ጸጥታ አላመጣትም። በዚያው ዕለት በፓስዎርድ መግባትን ዘጋን። እያንዳንዱ አስተዳዳሪ በፓስዎርድ ፈንታ የሚያስገባውን የራሱን ዲጂታል ቁልፍ ሠራ፤ አንዱ ክፍል ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላው ከልጁ እጅ አይወጣም።

ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚያግደውን ፋየርዎል ሲያበሩ ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ። መጀመሪያ ለኤስኤስኤች የሚያስፈልገውን 22 ቁጥር በር (ፖርት) ሳይፈቅዱ አበሩትና እኛው ራሳችን ውጭ ቀረን። በአከራዩ ድረ ገጽ በኩል ገብተን አስተካከልነው። ቀጥሎ የጌሙን በር፣ 30000ን፣ ቲሲፒ ለሚባለው የመረጃ መላላኪያ ዘዴ ከፈቱት። ሉአንቲ የሚሠራው ዩዲፒ በሚባለው ሌላ ዘዴ ስለሆነ ሁለት ቀን ማንም መግባት አልቻለም።

የዓመቱ ትልቁ ትምህርት ግን የሰዓቱ ጉዳይ ነው። ዓለሙ እየተጻፈ እያለ ኮፒ ቢደረግ ሊበላሽ ስለሚችል፣ ሰርቨሩ በየሌሊቱ ለጥቂት ደቂቃ ቆሞ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) እንዲወስድ ወሰንን። ልጆቹ «ከሌሊቱ 9 ሰዓት» ብለው ተስማሙና መርሐ ግብሩ ላይ 9 ጻፉ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ፣ ሁሉም በምሳ ሰዓት ጌሙ ውስጥ እያለ፣ ሰርቨሩ ያባርራቸው ጀመር። አንድ ሳምንት ሙሉ ኔትወርኩን ስንወቅስ ከረምን። በመጨረሻ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ደብተሯን ይዛ መጣች። «ቲቸር፣ ሁልጊዜ ልክ 6 ሰዓት ላይ ነው» አለች። የአምስት ቀን ሰዓት በደቂቃ መዝግባለች። ሰርቨሩ የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ የእሱ 9 የእኛ ቀትር ነው። ለእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እንዲሆን 0 መጻፍ ነበረብን። ሰሌዳው ላይ ሰዓቶቹን ጎን ለጎን የሣለችው እሷው ናት። ሥዕሉን አላጠፋነውም፤ እስከ ሰኔ ድረስ እዚያው ነበር።

ባክአፑ በየካቲት ጥቅሙን አሳየ። አንድ ቅዳሜ ማታ የማናውቀው ሰው ገብቶ የቤተ ጊዮርጊስን ጉድጓድ በላቫ ሞላው። ጥፋቱ የእኛም ነው፤ ሉአንቲ ካልከለከሉት አዲስ ለገባ ሁሉ የመቆፈርና የመገንባት መብት ይሰጣል፤ እኛ ደግሞ አልከለከልንም። ይህን ያየው ለቤተሰብ ጉዳይ ጎንደር የሄደ የ11ኛ ክፍል ልጅ ነው። ከስልኩ ገባ፣ ሰርቨሩን አቆመ፣ የአርብ ሌሊቱን ባክአፕ መለሰ። መሐል ላይ ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ተቆራርጦበታል። ሥራውን ግን ቲመክስ በተባለ የሰርቨሩ ፕሮግራም ውስጥ ስለጀመረው መስመሩ ሲቋረጥ ሥራው አልቆመም፤ ተመልሶ ሲገባ ካቆመበት አገኘው። የጠፋብን የቅዳሜው ቁፋሮ ብቻ ነው፤ የሰሜኑ ግድግዳ ሁለት መስኮቶች። የፈለፈለቻቸው የ9ኛ ክፍል ልጅ ሰኞ ዕለት ምንም ሳትናገር ቁጭ ብላ እንደገና ጀመረቻቸው። አሁን አዲስ የሚገባ ሰው ማውራት ብቻ ነው የሚችለው፤ የመቆፈሩን መብት አስተዳዳሪዎቹ ካወቁት በኋላ በእጃቸው ይሰጡታል።

በሚያዝያና በግንቦት ለፈተና ስል ስብሰባ ቀነስኩ። በወር አንድ ጊዜ ግን ባክአፑን አሮጌው የላብ ኮምፒውተር ላይ እየመለስን መሥራቱን እናረጋግጥ ነበር።

ሰኔ ላይ የ12ኛ ክፍል ልጆች ኃላፊነታቸውን አስረከቡ። ዋና አስተዳዳሪያችን የነበረችው ልጅ ተተኪዎቿን ከጎኗ አስቀምጣ የቁልፎቹን ዝርዝር ከፈተች። የራሷን መስመር ፈልጋ ሰረዘችና ፋይሉን ሴቭ አደረገች። ከዚያ ወጥታ በራሷ ላፕቶፕ እንደገና ለመግባት ሞከረች። ስክሪኑ መግባት እንደማይፈቀድላት ነገራት።

«ይሠራል» ብላ ወንበሩን ለቀቀችላቸው።