አባባ፣ ዊልቸሩን እምቢ እንዳይሉ

ይድረስ ለውድ አባቴ
ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የልጅ ልጅዎ ሌሊቱን ሙሉ ስታስነሳኝ አድራ አሁን ተኝታለች። እስክትነቃ ድረስ፣ እኛ ጋ ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ለሚመጡበት ጉዞ የሚሆንዎትን ይህን ደብዳቤ ልጨርስልዎ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስፈለገ ይሉኝ ይሆናል። ስልክ ላይ «እሺ ልጄ፣ እሺ» ብለው ይዘጉታል፤ አውቅዎታለሁ። ወረቀት ግን ኪስ ይገባል። ቦሌ ላይ ግራ ሲገባዎ መነጽርዎን አድርገው ያዩታል። እህቴ ፊደሉን ትልቅ አድርጋ ታትምልዎታለች።

መጀመሪያ የሰዓቱን ነገር። ትኬትዎ ላይ ያለው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ከባሕር ዳር የሚነሱበት 15:30 ይላል፤ የእኛ 9 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ይሄ ቀላል ነው። ከባዱ ሁለተኛው ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሳው በረራ «ረቡዕ 00:10» ይላል። አባባ፣ ይህ ረቡዕ ማታ አይደለም! ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ10 ነው። እነሱ ቀኑን የሚቀይሩት እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ እኛ ደግሞ ሲነጋ። ስለዚህ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከባሕር ዳር ይነሳሉ፣ አንድ ሰዓት ያህል በርረው አዲስ አበባ ይገባሉ፣ የዚያኑ ዕለት ሌሊት ወደ እኛ ይመጣሉ።

ይህን ደጋግሜ የምለው እኔ ራሴ ስለተጎዳሁበት ነው። በመጀመሪያው ጉዞዬ ረቡዕ ማታ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ቦሌ ደረስኩ። በር ላይ የነበረው ልጅ ትኬቴን ሁለቴ ገልብጦ አየና «እህቴ፣ ይሄ እኮ ትናንት ሌሊት ሄዷል» አለኝ። ጉልበቴ ከዳኝ፤ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እርስዎ ስደውልልዎ አንድ ክፉ ቃል አልወጣዎትም። በማግስቱ የእቁብዎን ዕጣ ላኩልኝ። ለጀልባዋ ሞተር ያስቀመጡት ብር እንደነበር የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው፣ ያውም ከእህቴ።

ስለዚህ ቢዝነስ ክላስ ስላደረግሁልዎ «ገንዘብ ታባክናለች» አይበሉኝ። ስመላለስ ያጠራቀምኩት የሼባ ማይልስ፣ አየር መንገዱ ደጋግሞ ለሚበር ሰው የሚሰጠው ነጥብ፣ ነበረኝ። ለእርስዎ ካልሆነ ለማን ይሆናል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እህቴ ሁሉንም ነግራኛለች። «እኔ ምን ሆኜ ነው በወንበር የምገፋው? ጣናን ዕድሜዬን ሙሉ ስመላለስበት የኖርኩ ሰው!» ብለዋል አሉ። አባባ፣ እባክዎ ይስሙኝ። ዊልቸር የሚቀርበው ለበሽተኛ ብቻ አይደለም። መንገዱ ለሚረዝምበት፣ ጉልበቱን ለሚያመው፣ ምልክቱን ማንበብ ለሚቸግረው ሁሉ ነው። እኔን ሊሸኙ መጥተው ያዩት ቦሌ አሁን የለም። በጥር 2011 ዓ.ም. ማስፋፊያው ተመርቆ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ የሚያስተናግድ ሆኗል። እዚህ ፍራንክፈርት ደግሞ በፈረንጆቹ 2024 ብቻ ከ61 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመላልሶበታል። ከአውሮፕላኑ ወርደው ፓስፖርት እስኪያሳዩ ድረስ ያለው መንገድ ከጊዮርጊስ ገበያ ድረስ በእግር እንደመሄድ ነው። ያውም እንቅልፍ ባልተኙበት ሌሊት፣ በዚያ ጉልበት።

አንድ ነገር ላስታውስዎ። ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ ሰው ጭነው ወደ ዘጌ ሲሄዱ ይዘውኝ ሄደው ነበር። አንድ እግርዎ ጀልባው ላይ፣ አንዱ ወደቡ ድንጋይ ላይ፣ እጅዎን ዘርግተው እናቶችን አንድ በአንድ ያሳፍራሉ። አንዷ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው «ተወኝ ልጄ፣ ራሴ እወጣለሁ» አሉ። እርስዎም እጅዎን ሳያጥፉ «እማማ፣ ያውቁበታል። እርስዎ ከወደቁ ግን ሁላችንም እንቆማለን፤ ይያዙኝ» አሏቸው። ያዙዎት። እኔ ከኋላ ሆኜ የእጅዎን ጅማት አያለሁ፤ ገመድ ይመስል ነበር።

ወንበሩን የሚገፋው ልጅም ሥራው ይኸው ነው። ይያዙት።

አገልግሎቱ በነፃ ነው። በአውሮፓ ሕግ ከጉዞው 48 ሰዓት አስቀድሞ ማሳወቅ ብቻ ነው የሚጠበቀው፤ እሱን እኔ ጨርሼዋለሁ። ባሕር ዳር፣ በላይ ዘለቀ አየር ማረፊያ ሲደርሱ እህቴ «ዊልቸር ተመዝግቧል» ትላቸዋለች። በወንበር የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይሳፈራል፣ ሲወርድ ደግሞ መጨረሻ ነው። ስለዚህ ፍራንክፈርት ላይ ሰው ሁሉ ተነስቶ ሲወጣ ከመቀመጫዎ አይነሱ። የረሱዎት እንዳይመስልዎ። አውሮፕላኑ ባዶ ሲሆን ሰው መጥቶ ይወስድዎታል። ከዘራዎንም ይዘው ይግቡ፤ ማንም አይከለክልዎትም። ፍተሻው ላይ በማሽኑ አሳልፈው ይመልሱልዎታል።

ሻንጣው ላይ ደግሞ አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። እህቴ ለአራስ ብላ ቅቤ አንጥራ፣ ቋንጣም አዘጋጅታ አስቀምጣለች። ባዶ እጅ ወደ አራስ ቤት መሄድ በእኛ ዘንድ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አባባ፣ ከእኛ አገር ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት መግባት ክልክል ነው። ቅቤ የወተት ነው፣ ቋንጣ ሥጋ ነው። ጉምሩክ ካገኘው ይወስደውና ያጠፋዋል። የእህቴ ድካም እንዲህ ሲጣል አይዩ። ቅቤውን እሷ ትብላው፤ እኔ እዚህ ቅቤ ገዝቼ አነጥራለሁ። ኮረሪማው ተፈጭቶ ይምጣልኝ፣ በርበሬና ሽሮውም እንደዚሁ። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። ግን ማሩ የሚገባው በትልቁ ሻንጣ ነው። እጅ ላይ በሚያዘው ቦርሳ ፈሳሽ ነገር ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ባለው ዕቃ አያሳልፉም፤ ማርም እንደ ፈሳሽ ይቆጠራል። ለሕፃኗ የሚያመጡት ጸበልም በደንብ ታሽጎ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ይግባ። ፍተሻ ላይ ጸበል ሲደፋ ከማየት ያድነን።

ባሕር ዳር ላይ ሻንጣውን ሲያስረክቡ እህቴ አንድ ጥያቄ ትጠይቅ፦ «ታጉ እስከ ፍራንክፈርት ነው?» ታግ ሻንጣው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ነው። አዎ ካሉ አዲስ አበባ ላይ ስለ ሻንጣ አያስቡ።

አሁን ስለ ላውንጁ። እንደሚያውቁት ከመውለዴ በፊት የምሠራው እዚህ አየር ማረፊያ፣ የመንገደኞች ላውንጅ ውስጥ ነው። ላውንጅ ማለት በረራ የሚጠብቅ ሰው የሚያርፍበት ሳሎን ነው። ለስላሳ ወንበር አለ፣ ምግብ አለ፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት አለ። የሚገባው የቢዝነስ ክላስ ትኬት ያለው ወይም ብዙ በመብረር ደረጃ ያገኘ ሰው ነው። እርስዎ የቢዝነስ ትኬት አለዎት። ስለዚህ መብትዎ ነው። በር ላይ የመሳፈሪያ ወረቀትዎን ማሳየት ብቻ ነው።

ይህን የማጠነክረው በዓይኔ ስላየሁ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ ወደ ባቡሩ ስሄድ አንዲት የአገሬ ሰው እናት መሳፈሪያው በር አጠገብ ብረት ወንበር ላይ ተቀምጠው አየሁ። ነጠላቸውን ተከናንበው ከመሐረብ ላይ ዳቦ ቆሎ ይበላሉ። ሰላም ብያቸው ወረቀታቸውን ብጠይቃቸው ቢዝነስ ክላስ ነው። አምስት ሰዓት ሙሉ እዚያ ተቀምጠዋል። «እማማ፣ ለምን ላውንጅ አልገቡም?» አልኳቸው። «እዚያማ የሚገባው ሹም መስሎኝ» አሉኝ። ልጃቸው ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥታ የት እንደሚገቡ አልነገረቻቸውም። በዚያ ምሽት እርስዎን አሰብኩ። እርስዎ እንዲህ እንዲቀመጡ አልፈልግም።

ቦሌ ላይ ፓስፖርትና ፍተሻ ካለፉ በኋላ ወንበሩን ለሚገፋው ልጅ «ክላውድ ናይን ላውንጅ» ይበሉት። ያደርስዎታል። ከመሄዱ በፊት ግን «ስንት ሰዓት ትመጣልኛለህ?» ብለው በእኛ ሰዓት ይቀጥሩት። ውስጥ እንጀራ አለ። ቡና እየተቆላ የሚፈላበት ቦታም አለ፤ ሽታው ራሱ ይመራዎታል። ለሚበሉት የሚከፍሉት ነገር የለም፤ ቦርሳዎን አያውጡ። ሰሐን አንስተው እንደ ሰርግ ቤት ቡፌ የፈለጉትን ይጨምሩ። ዕለቱ ማክሰኞ ስለሆነ ጥብስም ቢያገኙ ይብሉ። አውሮፕላኑ ላይ ምግብ የሚመጣው ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ ለጾሙ ረቡዕ ገብቷል። የጾም ምግብ አስመዝግቤልዎታለሁ።

ላውንጅ አንድ አደጋ አለው። ይመቻል። ሰው ይተኛል። ብዙ ላውንጅ ውስጥ ደግሞ በረራ በድምፅ ማጉያ አይጠራም፤ ሰው እንዳይረበሽ ተብሎ ነው። ተኝቶ አውሮፕላን ያመለጠው መንገደኛ እኔ ራሴ አይቻለሁ፤ ትልቅ ሰው ሲያለቅስ። ወረቀትዎ ላይ ሁለት ሰዓት አለ፤ አንዱ የመሳፈሪያ፣ አንዱ የመነሻ። የእርስዎ የመሳፈሪያው ነው። 23:10 ይላል፣ የእኛ ማታ 5 ሰዓት ከ10። በሩ የሚዘጋው አውሮፕላኑ ከመነሳቱ ቀደም ብሎ ነው። የቀጠሩት ልጅ 5 ሰዓት ላይ ካልመጣ ለእንግዳ ተቀባዮቹ ወረቀቱን ያሳዩ። ሁሉም አማርኛ ይናገራሉ፤ አይፈሩ። የበሩ ቁጥርም ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ሊቀየር ስለሚችል እዚያው ያረጋግጡ።

ጋቢዎን ደግሞ ሻንጣ ውስጥ እንዳያስገቡት። ላውንጁም አውሮፕላኑም ይበርዳል።

ፍራንክፈርት የሚደርሱት ጠዋት ነው። ፓስፖርት የሚያየው ፖሊስ የጣት አሻራዎንና ፎቶዎን ይወስድ ይሆናል፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጣ እንግዳ የሚደረግ ነው። ለምን እንደመጡና ስንት ቀን እንደሚቆዩ ይጠይቅዎታል። እህቴ ቢጫ ፖስታ ውስጥ የጥሪ ደብዳቤውን፣ የመመለሻ ትኬቱንና የጤና ኢንሹራንሱን ታደርግልዎታለች። ፖስታውን እንዳለ ይስጡት። ቋንቋ ባይገባዎ ዝም ማለት ይቻላል፤ የሚገፋዎት ሰው አብሮዎት አለ።

ደረጃው የሚሄድ አለ፣ ራሱ ወደ ላይ የሚያወጣ። ዊልቸር ላይ ከሆኑ በሊፍት ስለሚወስዱዎት አያስቸግርዎትም። ይሄም ሌላ ምክንያት ነው፣ አባባ።

ከመሳፈሪያ በሮቹ ቁጥር ፊት የፈረንጅ ፊደል አለ፤ እሱ ለመልሱ ጉዞ ነው። ኤ የምትባለው ጎጆ ትመስላለች፣ ወገቧ ላይ መቀነት ያላት። ቢ ጀርባዋ ቀጥ ብሎ ከፊት ሁለት ሆድ አላት። ሲ የተቆረጠ ቀለበት ናት። ዜድ እንደ መብረቅ ተሰባብራ ትወርዳለች። ቁጥሩን በመሠረተ ትምህርት ስለተማሩት አልጨነቅም። ከመመለስዎ በፊት አብረን ሄደን አሳይዎታለሁ።

ሻንጣዎን ከወሰዱ በኋላ ሁለት መውጫ አለ፣ አረንጓዴና ቀይ። ቅቤና ቋንጣ ካልያዙ በአረንጓዴው ይውጡ። በሩ ራሱ ይከፈታል። ከበሩ ማዶ ባለቤቴና እኔ ሕፃኗን ይዘን ቆመናል። ክርስትናዋ 80 ቀን ሲሞላት ነው፤ እርስዎ ከገቡ በኋላ አምስት ቀን ይቀረዋል፤ እስከዚያ ያርፋሉ።

ሲወጡ ጋቢውን ይደርቡ። ከሩቅ እንድለይዎ።

ነቃች፤ እያለቀሰች ነው። ልሂድ።

ልጅዎ